ጠጠርና በጠጥ

ሐምሌ አምስት የሰኔ ጾም ሲፈታ እኛ ግቢ ቅርጫ ነበር። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሲያካፋ ስላረፈደ ጎረቤቶቼ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ላስቲክ ወጥረው በሬውን ጥለው፣ ሥጋውን በእርጥብ ቅጠል ላይ እየመደቡ፣ አንዱ «ይኼ መደብ አጥንት በዛበት» ሌላው «ለዚያ ጉበት አነሰው» እያለ ሲነታረክ፣ የትኩስ ሥጋና የተረገጠ ቅጠል ሽታ በመስኮቴ ገብቶ አልጋዬ ድረስ ደረሰ። ሰው ሁሉ ይኼ ሽታ ሲደርሰው አፉ ምራቅ ይሞላል። እኔ ግን ሳላውቀው ጣቶቼን እጨብጣለሁ። ለምን እንደምጨብጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም አሁን የለም።

በዚያው ጠዋት ባሕር ዳር የሚኖረው ወንድሜ ደሳለኝ ደውሎልኝ ነበር። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ ሁለቱ ልጆቼ፣ ናሆምና ረድኤት፣ ክረምቱን አጎታቸው ዘንድ ካላሳለፍን ብለው ቤቱን ቀውጢ አድርገውታል። እዚያ የኮምፒውተር ኮርስ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ሐይቅ አለ፤ እዚህ ያለው ጭቃና እናታቸው ብቻ ነው። ደሳለኝ ነገሩን ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገና «አንዱን ላኪልኝ፤ ሁለቱ ግን አይመቸኝም፤ ቤቱም ይጠባል» አለኝ። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ሳሎኑ ውስጥ ላም ከነጥጃዋ አስሮ ማሳደር ይቻላል። ቀጥሎም «ምን ያስጨንቅሻል? ዕጣ ይጣጣሉና የወጣለት ይምጣ» ብሎ ሳቀ። የሳቀው ከልቡ ነው፤ ያንን ሳቅ ካደግንበት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያደግነው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን ሲወጡ በምትገኝ አንዲት መንደር ነው። ክረምትን በመስኮት የሚያይ ሰው አረንጓዴ ነው ይላል። የእኛ ቤት ክረምት ቁንጫ ነበር፤ የሚያፈስ ሣር ክዳንና ከሥሩ የሚደረደር ድስት ነበር፤ ከእኛ ጋር የሚያድሩ በጎች ሱፋቸው ሲረጥብ የሚያወጡት ሽታ ነበር፤ ደመናው ወርዶ በሩ ላይ ሲቆም እናቴ «ዛሬ ደግሞ እንግዳ መጣብን» የምትልበት ጊዜ ነበር። እንደዚያም ሆኖ እኔ ክረምትን እወደው ነበር፤ ትምህርት ተዘግቶ ሁለቱ ወንድሞቼ ወደ ቤት የሚመለሱበት ወቅት ነበርና። በዓመቱ ውስጥ አርብ ገበያ ከሌሎች የገጠር ልጆች ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ፤ እሑድ እሑድ መጥተው ስንቃቸውን፣ ድርቆሽና ሽሮ፣ በከረጢት ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኔ ላይ ግን ባዶ ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲመጡ፣ እኔ ከሩቅ አይቼ በጭቃው ላይ እየተንሸራተትኩ እሮጥ ነበር።

ታላቅየው ይታየው ነው። ከታናሹ ከደሳለኝ ጋር አንድ ክፍል የገባው በግ ሲጠብቅ ቆይቶ ዘግይቶ ስለጀመረ ነው። የተማረውን ሁሉ ለሰው ካልነገረ አያድርም፤ ሰው ካጣ ለበጎቹ ይነግራቸዋል። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ በከሰል፣ እህል የምናስቀምጥበት የጭቃ ጎታ ሆድ ላይ እየጻፈ። እናቴ ጎታዋ ሲጠቁር ትቆጣና፣ ይታየው «ገብሱም ይማር እንጂ» ሲላት ሳቋን መቆጣጠር ያቅታታል። ደሳለኝ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚወደው ደወሉን ነበር፤ እሱንም የመውጫውን። መጽሐፍ ሲገልጥ እንቅልፉ ይመጣል፤ እናቴ ሕፃን አልተኛ ሲላት የደሳለኝን መጽሐፍ ብትገልጥለት ይተኛል እየተባለ በመንደሩ ይቀለድበት ነበር። በየዓመቱ የሚያልፈው ከይታየው ጎን እየተቀመጠ ነው።

ስምንተኛን በጨረሱበት ዓመት በረዶ ገብሱን መታው። አባቴ ሁለቱንም ማስተማር እንደማይችል ታወቀ። አንዱ ንፋስ መውጫ ይወጣል፤ እዚያ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሱ ልጆች የክረምት ትምህርት ስለሚሰጡ ክረምቱን ይማርና መስከረም ላይ ዘጠነኛ ይገባል። ሌላው ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ቆላ፣ መተማ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ያርማል፤ ሰሊጡ ሲደርስ ያጭዳል፤ ኅዳር ላይ ይመለሳል። ኅዳር ላይ የተመለሰ ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ቢቆም ማንም አያስገባውም። ስለዚህ ነገሩ የክረምት ጉዳይ ይመስል ነበር እንጂ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነበር፤ ይኼንንም ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከእኔ በቀር።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይኼን የምለው እሱን ለማዳን አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለን ስለነበር ነው። ክፉ ሰው ይለመናል፣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ ሲደክመው ይተዋል። አባቴ ግን ፍትሐዊ ነበር። ለሁለት ልጆቹ እንጀራ ሲቆርስ ጠርዙን በጣቱ ለክቶ የሚቆርስ፣ አንዱን ከሌላው አበለጥህ የሚል ስም ከሚወጣበት ቢሞት የሚመርጥ ሰው ነበር። ይታየው እንደሚሻል ያውቃል፤ ታዲያ እሱን ቢልክ «ለታላቁ አደላ» ይባላል፤ ደሳለኝን ቢልክ «ታናሹን አሞላቀቀ» ይባላል። በዚህ ሐሳብ ሰኔን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ከርሞ፣ ሐምሌ አምስት ቀን ከመንደሩ ቅርጫ ድርሻውን በቅጠል ጠቅልሎ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ሥጋውን ለእናቴ ሰጠና በሩ ላይ እንደቆመ «በሬ ያካፈለን ዕጣ ልጅ ማካፈል ያቅተዋል?» አለ። እናቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች።

የቅርጫ ዕጣ እንደሚታወቀው ነው። ባለድርሻው ሁሉ ማንም ሳያየው አንዳች ነገር ያመጣል፤ ስንጥር፣ ቅጠል፣ ያገኘውን። ከዚያ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሕፃን፣ ይጠራና በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣህ የወደቀበት መደብ ያንተ ነው፤ አጥንትም ቢሆን አይመለስም፤ ያጉረመረመ ሰው ነውረኛ ነው። የሕፃን እጅ የእግዜር እጅ ነው ይባላል። በሥጋ ላይ ደግ ሥርዓት ነው፤ ቢበዛ አንድ ሰው ሻኛ ይቀርበታል።

አባቴ ቁርበቱን አነጠፈና አንድ እስክሪብቶና አንድ ማጭድ ጎን ለጎን አስቀመጠ። እስክሪብቶው ንፋስ መውጫ ነው፤ ማጭዱ መተማ። ወንድሞቼ ተራ በተራ ወጥተው ዕጣቸውን ይዘው መጡ። ደሳለኝ ሩቅ አልሄደም፤ በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ደርቃ የጠቆረች አንዲት የበግ በጠጥ አነሣ። ይታየው ግን የራሱን ከማለዳ ጀምሮ በኪሱ ይዞት ነበር። አባቴ ያሰበው እንደ ቅርጫው ዕጣ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠርጥሮ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። ዕጣዎቹን አባቴ በመዳፉ ከደናቸውና እኔ ተጠራሁ።

ያኔ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ቅልብልቦሽ እየተጫወትኩ ነበር፤ ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ የመቅለብ ጨዋታ፤ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ነኝ። አባቴ ቀኝ መዳፌ ላይ አንድ ነገር፣ ግራ መዳፌ ላይ ሌላ ነገር አኖረና «አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አስቀምጪ» አለኝ። ቀኝ እጄን ስከፍት ነጭ ጠጠር ነው። እንደዚያ ያለ ጠጠር አይቼ አላውቅም፤ ክብ፣ ልስልስ፣ የወተት ጥርስ የመሰለ። ግራ እጄን ስከፍት በጠጥ ነው። ከዚያ ያደረግሁት ማንኛውም ልጅ የሚያደርገውን ነው። በጠጧን ለመገላገል ቸኩዬ ከፊቴ ቅርብ ካለው ነገር ላይ ጣልኳት፤ ቅርብ የነበረው እስክሪብቶው ነው። ጠጠሩን ግን ጨበጥኩት።

አባቴ «ጠጠሩንም ጣዪ» አለኝ። እምቢ አልኩ። «ጣዪ እንጂ!» አለኝ፤ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። ተነሥቶ መጣና እጄን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው፤ ጠጠሩን ወስዶ ራሱ በእጁ ከማጭዱ ላይ አስቀመጠው። እሪ ብዬ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም የሚያዩት ይታየውን ነበር። ይታየው ብቻ እኔን አየኝና ትንሽ ፈገግ አለ፤ ስሌቱ የተበላሸበት ሰው ፈገግታ። ደሳለኝ ግን «ተመስገን!» አለና ወደ ምድጃው ዞሮ «ጥብሱ ደረሰ እንዴ?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

ወሬው አርብ ገበያ ሲደርስ የክፍላቸው አስተማሪ፣ ጢሙ ገና ያልጠናለት መምህር ታፈረ፣ ላስቲክ ተከናንቦ በዝናብ መጣ። የንስሐ አባታችን ቄስ ዓለሙም በአጋጣሚ ጠበል ሊረጩ መጥተው ተቀምጠዋል። መምህሩ ገና ሳይቀመጥ «ምን ነካዎት? ልጅዎን እኮ በቁሙ ቀበሩት። እኔ ሳስተምር እንደ ይታየው ያለ ልጅ አላጋጠመኝም» አለ።

«ዕጣ ተጥሏል፣ መምህር» አለ አባቴ፤ ከዝናቡ የሚጠለልበት ጥግ እየለቀቀለት። «እኔ ብመርጥ አደላህ ይሉኛል። እግዜር የመረጠውን እኔ ላፍርስ?»

«እግዜር አይደለም የመረጠው፤ ይቺ ሕፃን ናት!» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ቄስ ዓለሙ ዳዊታቸውን አጠፉ። «ተው ልጄ፣ ዕጣን አታቃልል። የሐዋርያው የማትያስ ሹመት በምን የተሰጠ ይመስልሃል? በዕጣ ነው።»

«ማትያስ የገባው በማን ቦታ ነው፣ አባ? በይሁዳ አይደል?» አለ መምህሩ። «እዚህ ቤት ይሁዳው ማነው? ይታየው ነው?»

ቄሱ እናቴን ጠላ እንድትጨምርላቸው ለመኗት። መምህሩ ላስቲኩን ተከናንቦ ወጣ፤ ዝናቡም አልቆመለትም። ኋላ እናቴ ደሳለኝን በረት ውስጥ ለብቻው አግኝታ «አንተ ውረድና እሱ ይማር፤ ትምህርቱን መች ወደድኸው?» ስትለው በሩ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። «ቆላ ወርጄ ወባ ይግደለኝ? ዕጣዬን ለማንም አልሰጥም» አላት። ደግሞ እውነቱን ነው፤ መማር አልፈለገም፤ መሞትም አልፈለገም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እናቴ ከበረት ወጥታ ለአንዱ ልጇ በሶ፣ ለሌላው ድርቆሽ ታዘጋጅ ጀመር።

ይታየው የሄደ ቀን ጎረምሶቹ በሶአቸውን ቋጥረው፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ እየተቀላለዱ በራችን ላይ ጠበቁት። መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ጠጠሩን መዳፌ ላይ አኖረና «እንኪ፣ የቅልብልቦሽሽ ነው። ጎታው ላይ የጻፍኩትን ደግሞ እንዳትደመስሺው፤ ስመጣ እጠይቅሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ደመናው ውስጥ ገቡ። ጭውውታቸው ከታዩበት ጊዜ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማን ነበር። ያ ጠጠር ምን ሆነ ብላችሁ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላው ወንዝ ዳር ስጫወት ጣልኩት። መልሼም አልፈለግኩትም፤ ሌላ አነሣሁ።

ኅዳር ላይ ሲመለስ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ በፀሐይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆኖ ነበር። ወባው ሲለቀው መደቡ ላይ ጋደም እንዳለ ጎታው ላይ ያለውን ፊደል ያስነብበኝና ሳልሳሳት ስጨርስ ጸጉሬን ይጎትተኛል። አንድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በሩን አልፋ እግሩ ላይ ስትደርስ፣ ብቻውን መሳቅ ጀመረ።

«ምን ያስቅሃል?» አልኩት።

«ያን ጠጠር ለማግኘት የዚያን ዕለት ማለዳ ወንዝ ለወንዝ ስዞር ነው ያረፈድኩት» አለኝ። «አባባ ዕጣ እንደሚያስብ ጠርጥሬ ነበር፤ ከተጠራም የምትጠሪው አንቺ ነሽ። ነጭ ጠጠር እንደምትወጂ አውቃለሁ። የምትወጂውን ከእስክሪብቶው ላይ ታኖሪዋለሽ ብዬ አሰላሁ፤ እስክሪብቶም ትወጂ ነበራ።» እንደገና ሳቀና ሳል ያዘው። «አየሽ እታለም፣ ሰሊጥ ሲያርሙ ሌላ የሚያስቡት ነገር የለም። እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት። የምትወጂውን እንደማትለቂው አላሰብኩም።»

ምን እንዳለኝ ያኔ አልገባኝም። ጸጉሬን እንዲጎትተኝ ብቻ ፈልጌ ጭንቅላቴን ሰጠሁት። ኋላ ሲገባኝ ግን አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። በራሴ ላይ አይደለም፤ የስድስት ዓመት ልጅ ኃጢአት የላትም፤ ይቅርታ የምጠይቀውም ሰው የለም። የተናደድኩት ዕድሜ ልካቸውን ሕፃን እየጠሩ ሥጋ ሲካፈሉ ኖረው፣ ሕፃን የቆሸሸውን ቀድሞ እንደሚጥልና የወደደውን እንደሚጨብጥ አንድ ቀን እንኳ ልብ ባላሉት ሰዎች ነው። የእግዜር እጅ የሚሉት ነገር ጭቃ የነካው፣ ቅልብልቦሽ ያማረው እጅ ነበር። ይኼን ያስተዋለው ከመንደሩ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹን ብቻ አስተዋለ፤ ያላስተዋለው ግማሽ መተማ ወሰደው።

በሚቀጥለው ክረምት ማንም ሳይጠይቀው ወረደ። ትምህርቱ አልፎታል፤ አባቴም «ካመለጠ አይቀር ቤቱን ይርዳ» አለ። ኅዳር ሲደርስ ጎረምሶቹ ተመለሱ። እኔ እንደ ልማዴ ሮጥኩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጋቢውንና ማጭዱን ይዞ ነበር፤ ሲያየኝ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። እዚያው ቆላ ቀብረውታል። ለቅሶው ላይ መንደሩ ሁሉ ይታየው እንዴት ያለ ልጅ እንደነበር፣ ቢማር ኖሮ የት እንደሚደርስ አወራ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቄስ ዓለሙ ፈቱት፤ አባቴ «ዕጣው ነው» አለ፤ ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ ያለው ነገር ይኼው ነው። ደሳለኝ ለተዝካሩ ከንፋስ መውጫ መጣ። አለቀሰ፤ ደህና አድርጎም በላ።

እናቴ አላለቀሰችም። ያን ዓመት ሙሉ ዝም አለች፤ ዝም አይነቅዝም። መስከረም ሲጠባ ግን ፊቴን አጥባ፣ ቀሚሴን አልብሳ፣ እጄን ይዛ ከቤት ስትወጣ አባቴ በሩ ላይ «በጎቹንስ ማን ይጠብቅ? ቢያንስ ከአክስቷ ልጅ ጋር ዕጣ…» ሲል ዞራ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት ናት፤ ያን ቀንም እርስዎ አለችው። «የኔ ልጅ ሥጋ አይደለችም። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዕጣ የሚጣል ከሆነ አስቀድመው እኔን ይጣሉኝ።» ከዚያ ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። ስለዚህ እኔ በዕጣ የደረሰኝ ነገር የለም፤ የተማርኩት ተርፌ ነው። ዕጣው ሲጣል ሦስተኛ ልጅ በቤቱ ነበረች፤ ዕጣ ጣይ እንጂ ባለዕጣ ትሆናለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እናቴም ያኔ አላሰበችም።

አሁን መምህርት ነኝ። ደሳለኝም፣ ለምስጋናም ለሐሜትም አይመችም፣ እየወደቀ እየተነሣ ጨርሶ፣ ኮሌጅ ገብቶ፣ ቢሮ ይዞ፣ ሆድ አውጥቶ ይኖራል። የሰኔ መዝጊያ ላይ ለወጣቶች ንግግር እንዲያደርግ በየትምህርት ቤቱ ይጠሩታል። ዘንድሮ እኛም ዘንድ መጥቶ ነበር። ማይክ ጨብጦ «ክረምት የሚባክን ጊዜ አይደለም፤ ዕቅድ አውጡ፤ ዕድላችሁን በእጃችሁ ጻፉ» ሲል ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ወንድሜ ነው።

ታዲያ ሐምሌ አምስት ያን ስልክ ከዘጋሁ በኋላ ሥጋው ሲመደብ እያየሁ አላስቀምጥ አለኝና መልሼ ደወልኩለት።

«ደሳለኝ፣ ያንተንና የይታየውን ዕጣ ታስታውሳለህ?»

«የምን ዕጣ?» አለኝ።

«ንፋስ መውጫና መተማ። እስክሪብቶና ማጭድ።»

ትንሽ አሰበ፤ የምር አሰበ፤ ይሰማኝ ነበር። «ኧረ እቴ፣ ተሳስተሻል። ይታየው ቆላ የወረደው ራሱ ወዶ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ትምህርቱ ላይ እስከዚህም አልነበረም እኮ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ አታስታውሺውም።»

ልሰድበው ነበር የደወልኩት። ግን አልሰደብኩትም፤ ምክንያቱም አልዋሸም። እሱ የተሸከመው ነገር አልነበረምና የሚጥለው አላስፈለገውም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየረሳ ዛሬ ላይ ደርሷል። እናቴም አባቴም አልፈዋል። ይታየው ብልህ እንደነበር የሚመሰክር ጎታ ነበረ፤ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። እኔም ያለፍኩ ቀን ይታየው ትምህርት የማይሆንለት፣ ወዶ ቆላ የወረደ ልጅ ሆኖ ይቀራል። «ልጆቼ አይመጡም» ብዬ ዘጋሁት። ናሆም አኮረፈ፤ ረድኤት «አንዳችን እንኳ?» አለችኝ። «ሁለታችሁም እዚሁ ትከርማላችሁ» አልኳት። ፍትሐዊ እንዳልሆንኩ ነገረችኝ። እውነቷን ነው።

ወደ ግቢው ስወጣ ዕጣው በኮፍያ ተሰብስቦ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ በጠጥ ሰጠሁ፤ ጎረቤቶቼ «መምህርት፣ ዛሬም ያችው?» ብለው ሳቁብኝ። የአከራዬ የልጅ ልጅ፣ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ የሆነች ትንሽ ልጅ፣ ተጠራች። ኮፍያው ውስጥ እጇን ስትሰድ በጠጧ ነካቻት፤ ፊቷን አጨማደደችና ከፊቷ ቅርብ ካለው፣ አጥንት ከበዛበት መደብ ላይ ወረወረቻት። ስንጥሩን፣ ቅጠሉን፣ ቆርኪውን እያወጣች በየመደቡ አስቀመጠች። መጨረሻ ላይ አንዲት ቀይ የኮት አዝራር ቀረቻት። አየቻትና ጨበጠቻት።

«ጣያት!» አሉ ወንዶቹ። «ጣያት እንጂ፣ ሥጋው በዝናብ ሊርስ ነው!» አንዱ ጎንበስ ብሎ ጣቶቿን ሊፈለቅቅ እጁን ሰደደ። እኔ ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ተዋት!» አልኩ። «የቀረው መደብ አንድ ነው፣ የቀረው ዕጣ አንድ ነው። ባለአዝራሩ ሥጋውን ይውሰድ። ከእጇ ምን ትሻላችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «እውነትም» አለ፤ ይኼን እስከ ዛሬ ያሰበው ሰው እንደሌለ ሁሉ። ባለአዝራሩ እያጉረመረመ ሥጋውን አነሣ፤ እኔም አጥንቴን አነሣሁ። ልጅቷ አዝራሯን እንደጨበጠች ወደ ዝናቡ ሮጠች።